ብሌድ ሰርቨር ወይስ ራክ ሰርቨር?

ሰርቨር ክፍሉ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይሄ ነው። ራክ ሰርቨር ራሱን ችሎ መደርደሪያው (ራኩ) ላይ የሚገጠም ነው፤ ብሌድ ደግሞ ከሌሎች ጋር ቻሲስ በሚባል የጋራ ሳጥን ውስጥ የሚሰካ ቀጭን ሰርቨር ነው። የኤችፒን ሲ7000 እንውሰድ። ቻሲሱ 10 ዩ (ዩ የራክ ቁመት መለኪያ ነው)፣ ማለትም 44 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ቁመት ይይዛል። ግማሽ ቁመት ያላቸውን ብሌዶች 16 ይጎርሳል። ያንኑ በ1 ዩ ራክ ሰርቨር ልሥራ ካሉ 16 ዩ ይፈጃል።

ልዩነቱ የሚጎላው ግን ከኋላ በኩል ነው። እያንዳንዱ ራክ ሰርቨር ሁለት የኃይል ገመድ፣ ሁለት ሦስት የኔትወርክ ኬብል፣ አንድ የማኔጅመንት (ከርቀት መቆጣጠሪያ) ኬብል ይፈልጋል። 16 ሲሆኑ ኬብሉ ይተበተባል፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ፈተና ነው። የብሌዱ ቻሲስ ግን 6 ፓወር ሰፕላይና 10 ፋን ለሁሉም ያካፍላል። ብሌዱን ገፋ አድርጎ ማንሻውን መቆለፍ ብቻ! አይፒው፣ ፈርምዌሩ (የዕቃው ውስጣዊ ሶፍትዌር)፣ ሙቀቱ ከአንድ ገጽ ይታያል።

ታዲያ ሁሉም ለምን ብሌድ አይገዛም? ቻሲሱ ራሱ ውድ ነው። 3 ብሌድ ብቻ ከትቶ ማስቀመጥ ለሁለት ሰው አውቶቡስ እንደ መኮናተር ነው። የሌላ አምራች ብሌድ ደግሞ አይገባበትም። መሐል ያለው ሚድፕሌን፣ ብሌዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ቦርድ፣ ከተበላሸ (ብርቅ ነው እንጂ) እሱን ለመቀየር 16ቱም ይጠፋሉ። ራክ ሰርቨር ግን ሲሞት ብቻውን ነው።

አምስት ስድስት ሰርቨር ለሚበቃው ቢሮ፣ እኔ ያለ ማመንታት ራክ እላለሁ።