ፑንቲና ከጣልኩ 11 ወሬ፦ ቮልሷና ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያው

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። በፈረንጅ 1973 የተሠራች ቮልስ ናት፣ 1600 ሞተር፣ 12 ቮልት። ባሕር ዳር ላይ በየቀኑ እነዳታለሁ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ጡሩምባ እየነፉ ሰላም ይሏታል።

እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ኑሮዬ ከፑንቲና ጋር ነበር። ለማያውቃት፣ ፑንቲና ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያድለው) ውስጥ ሆና ወደ ኮይሉ፣ ማለትም የብልጭታውን ከፍተኛ ቮልት ወደሚያመነጨው፣ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምትቆራርጥ ትንሽ ብረት ናት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር እሷ 6,000 ጊዜ ትከፈታለች። ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ግን ፊቷ ይቃጠላል፣ እግሯም ይበላና ክፍተቱ ይጠባል። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ስፈትጋት ቆይቼ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ ሥራ እገባ ነበር።

ወንድሜ ሰለቸውና ከአዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ በፑንቲና ፈንታ የሚገባውን ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገዝቶ ላከልኝ። ስሙን አልጠራም፣ ማንም ለማስታወቂያ አልከፈለኝም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ነገር ነው፦ የማግኔት ቀለበትና የሱን መዞር የሚቆጥር ጥቁር ሞጁል። ሁለት ሽቦ አለው። ቀዩ ከኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጌቲቭ። ብታቀያይሩት ወዲያው ይቃጠላል፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ከፑንቲናዋ ጋር የሚሠራው ኮንደንሰር ይወጣል። ከገጠማችሁት በኋላ ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ቅጽበት) በታይሚንግ መብራት እንደገና ማስተካከል ግድ ነው፣ ምክንያቱም ሞጁሉ ብልጭታውን የሚለቅበት ቦታ ከፑንቲናዋ ጋር አንድ አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ይህን ዘልዬው ቮልሷ ቀኑን ሙሉ እያሳለች ዋለች።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሰላም። በአንድ ዙር ትነሳለች፣ ቆማ ስትሠራ አትንቀጠቀጥም። ቤንዚን ቀነሰች ወይ ለምትሉኝ፣ እኔ ልዩነት አላየሁም።

መጋቢት ላይ ጉድ መጣ። በቀትር፣ ከዘንዘልማ ስመለስ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሃል ላይ ድርግም አለች። 380 ሜትር ድልድይ ላይ ሌላ ቦታ አጥታ! ፎቶ የሚነሱት ወጣቶች ወደኔ ዞሩ፣ አንድ ባለ ባጃጅ ደግሞ «እህቴ፣ እንግፋልሽ?» አለኝ። ገፉልኝ፣ እምቢ አለች። ሃያ ደቂቃ ስትቀዘቅዝ ግን ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ፣ ሲሞቅ ትጠፋለች፣ ሲቀዘቅዝ ትነሳለች።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ሞጁሉ ነው» አለ። እኔም አመንኩ። ፑንቲናዋን መልሼ ስገጥም ሠራች፣ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? ሌላ ሞጁል አዘዝኩ።

ግሽ ዓባይ ሰፈር አባቴም የሚያሠራቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ ቁርሱን በልቷል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ሞጁሉ ነዋ። ስንት ቮልት ይደርሰዋል?»

ለክቼዋለሁ አልኳቸው፣ 12.4። እንዴት እንደለካሁ ሲጠይቁኝ ሽቦውን ከኮይሉ ነቅዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የተነቀለ ሽቦ ኤሌክትሪክ አይሄድበትም፣ ስለዚህ የዛገ መጋጠሚያ ቢኖርም ቴስተሩ ሙሉ ቮልት ያሳያል። ሽቦውን መልሰው ገጠሙ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ እንዲሞቅ ጠበቁ፣ ከዚያ ለኩ። ባትሪው ላይ 13.6፣ ኮይሉ ላይ 9.4። አራት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል!

የቮልስ ሽቦ መንገዱ ሩቅ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሞተሩ ኋላ፣ ኤሌክትሪኩ ግን ፊት ድረስ ሄዶ በኳድሮ (ቁልፉ የሚገባበት) እና በፊውዝ ሳጥን በኩል ዞሮ ይመለሳል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽቦ ነው፣ የካርቡራተሩ ቾክም እዚያው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል። ፑንቲና ብረት ስለሆነች በ9 ቮልትም ታዘግማለች። ሞጁሉ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ከተወሰነ ቮልት በታች ዝም ይላል።

መፍትሔው አንዲት ሪሌ ሆነች፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የምትከፍትና የምትዘጋ ማብሪያ። እግሮቿ ቁጥር አላቸው። 30 ቁጥር ላይ ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) ወፍራም ሽቦ በ15 አምፔር ፊውዝ፣ 87 ወደ ኮይሉ፣ 86 ላይ የድሮዋ የቁልፍ ሽቦ፣ 85 ማሳ (የመኪናዋ ብረት)። ኮይሉ ላይ 13.3 ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ክረምቱንም ጨምሮ፣ መንገድ ላይ አልጠፋችብኝም።

አንድ ጥፋት ግን የራሴ ነው። ግንቦት ላይ ሐይቁ ዳር ቆሜ፣ ሞተር አጥፍቼ ቁልፉን ከፍቼ ሬዲዮ ሳዳምጥ ኮይሉ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ግሎ ዘይት አፈሰሰ። ሞጁሉ በዕድል ተረፈ። አዲስ ብዬ የገዛሁት ኮይል ደግሞ ሬዚስታንሱን (ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙን) ስለካው 1.5 ኦም ሆነ። ለዚህ ሞጁል ቢያንስ 3 ያስፈልጋል፣ በ1.5 ከዘጠኝ አምፔር በላይ ሊያልፍበት ነው። መልሼ 3.2 ኦም የሆነውን አመጣሁ። ስትገዙ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

የማልወድለት ነገር፣ አያስጠነቅቅም። ፑንቲና ስትደክም ቀድማ ታጉረመርማለች። ይሄ ሲሞት በአንዴ ነው። ስለዚህ አሮጌዋን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯና ከአንድ ካቻቢቴ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር አስቀምጫለሁ።

በድንጋጤ ያዘዝኩት ሁለተኛው ሞጁል ደግሞ እስካሁን ካርቶኑ አልተከፈተም። ቮልስ ያለው ካለ በገዛሁበት ዋጋ እሰጠዋለሁ፣ ሪሌውን ግን ራሳችሁ ግዙ።