«ጥርሱ አልተነካም» ሲሏችሁ አትመኑ፦ ካራቫን ከመግዛታችሁ በፊት የጎማውን ጎን አንብቡ

ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤት፣ ለመግዛት የምታስቡ፣ ወይም ገዝታችሁ ገና ረጅም መንገድ ያልወጣችሁበት ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ወርዳችሁ ጎማዎቹን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። እዩ የምላችሁ ጥርሱን ሳይሆን ጎኑን ነው። እዚያ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ረጅም ኮድ ተቀርጿል፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ጎማው በየትኛው ሳምንትና ዓመት እንደተሠራ ይናገራሉ። እኔ እነዚያን አሃዞች ያወቅኋቸው ሁለት ጎማ ከፈነዳብኝ በኋላ፣ ልጆቼን መንገድ ዳር አስቀምጬ ነው።

ያገለገለ፣ ባለ ሁለት አክስል ካራቫን ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። ውስጡ ንጹህ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ፍሪጁ ይሠራል። ስለ ጎማ ስጠይቅ ሻጩ አንዱን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ጥርሱን እየው፣ አልተነካም፤ አዲስ ማለት ነው» አለኝ። እውነትም ጥርሱ ሙሉ ነበር። ጎኑም ገና እንደተቀባ ጫማ ያብረቀርቃል። «ንፋሱንም ሞልተንልሃል» ብሎ ጨመረልኝ። አመንኩት፣ ፈረምኩ፣ ከመኪናዬ ጋር አያይዤ ይዤው ወጣሁ።

በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ፣ ቀትር ላይ፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳሁ ሳለ ከኋላ እንደ ጥይት ጮኸ። ካራቫኑ ወደ ቀኝ ጎተተን። ፍሬን አልረገጥኩም፤ መሪውን አጥብቄ ይዤ ነዳጁን ቀስ በቀስ ለቀቅኩና ዳር አወጣሁት። ይህችን ልብ በሉልኝ፦ የተሳቢ ጎማ ሲፈነዳ ደንግጦ ፍሬን መርገጥ ተሳቢውን እንዲወዛወዝና እንዲገለበጥ ሊያደርገው ይችላል። ወርጄ ሳይ የቀኝ የኋላው ጎማ ጥርሱ ከነሽቦው ተልጦ፣ ሲሽከረከር እንደ ጅራፍ እየገረፈ ፓራፋንጎውን ገንጥሎታል፣ ከወለሉ ስር ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥሶታል፣ የቆሻሻ ውሃ ቱቦውን ሰባብሮታል። የጋዝ መስመሩ ከዚያ ቱቦ አንድ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም። ባለቤቴ ይህን ስታይ ምንም ሳትናገር ልጆቹን ይዛ ራቅ አለች።

ስኮርት ጎማውን አሰርኩና ቀጠልኩ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ከፊቱ ያለው የቀኝ ጎማ ደግሞ ፈነዳ።

የመጡልኝ ጎሚስታ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የነገሩኝ ሁለተኛው ለምን እንደተከተለ ነው። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ላይ አንዱ ጎማ ሲፈነዳ፣ እስኪቆም ድረስ የሁለቱን ሸክም ጎረቤቱ ብቻውን ይሸከማል። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተጎድቷል። ስለዚህ አንድ ጎማ ከፈነዳባችሁ በዚያው ወገን ያለውን ሌላውንም ሳታስፈትሹ፣ ቢቻል ሳትቀይሩ መንገድ አትቀጥሉ። ይህን ባውቅ ኖሮ ሁለተኛው አደጋ ባልደረሰ ነበር።

ከዚያ ባትሪያቸውን ይዘው ካራቫኑ ስር ገቡ። ከስር ሆነው «ልጄ፣ 1416 ይላል» አሉኝ። አልገባኝም። ወጥተው አስረዱኝ፦ 2016፣ 14ኛው ሳምንት፣ ማለትም በፈረንጆች የሚያዝያ መጀመሪያ። ስኮርቱ ደግሞ 4915፣ ከዚያም የባሰ ያረጀ። «አዲስ» የተባሉት ጎማዎች ስምንት ዓመት አልፏቸዋል።

ከውጭ ለምን እንዳላየሁት ስጠይቃቸው፣ ቀን ያለበት ሙሉ ኮድ በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። በሌላው ጎን ኮዱ አለ፣ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ግን የሉም። የእኔ አራቱም ጎማዎች ቀኑ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የታሰሩት። ሆን ተብሎ ነው ወይስ በአጋጣሚ፣ አልፈርድም። እናንተ ግን ከውጭ ቀኑን ካጣችሁ ከስር ግቡ፣ ወይም ስልካችሁን አስገብታችሁ ፎቶ አንሱ። ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች የተለየ ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 16 ወይም 17 የሚል አይቶ በእኛ አቆጣጠር ያሰበው ሰው ያረጀውን ጎማ የትናንት አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። አንድ ወዳጄ ይህን ታሪክ ስነግረው የራሱን ተሳቢ ጎማ ሊያይ ሄደና ልክ እንደዚያ አንብቦት ተደስቶ ተመለሰ። ደስታውን ማበላሸት ነበረብኝ።

ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ እንዴት ያረጃል ለምትሉ፦ ካራቫን በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚኖረው። ጥርስ የሚበላው በመንዳት ነው፤ ላስቲኩን የሚያደርቁት ግን ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ለቆመ ጎማ አይራሩም። ጎማ ሲሠራ ከስንጥቅ የሚከላከለው ሰም መሳይ ነገር ከላስቲኩ ጋር ይቀላቀላል፤ ይህ ነገር ወደ ላይ እየወጣ ጎማውን የሚጠብቀው ጎማው ሲሽከረከርና ሲታጠፍ ነው። ወራት ሙሉ በአንድ ቦታ የቆመ ጎማ ይህን ጥበቃ ያጣል። ለዚህ ነው ለተሳቢ ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር የሚመከረው። ያ የሚያብረቀርቅ ቅባትም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ጎኑ ላይ ያለውን ጥቃቅን ስንጥቅ ይሸፍናል። ጨርቅ አርጥባችሁ ጠርጉትና እንደገና እዩት። እብጠት ካለ፣ ወይም በክሪክ አንስታችሁ ስታሽከረክሩት ጥርሱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ፣ ውስጡ ያሉት የሽቦ ንጣፎች መላቀቅ ጀምረዋል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱ።

ሁለተኛው ጉድ ጭነቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኔ ጎማዎች ልካቸው 205/75 አር 15፣ የጭነት ደረጃቸው «ሲ» ነው። እያንዳንዱ በ50 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 825 ኪሎ ይሸከማል። አራቱ 3,300 ኪሎ። ካራቫኑ ተጭኖ በጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው 3,000 ኪሎ ስለሆነ በወረቀት ይበቃል፤ ሻጩም ኋላ የተከራከረኝ በዚሁ ነው። ከጥገናው በኋላ ግን እንደዚያ ቀን አድርጌ ጭኜ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ አስመዘንኩ። የቀኝ የኋላው 890 ኪሎ ወጣ። የቀኝ የፊቱ 790፣ የግራዎቹ 680 እና 640። ምጣዱ፣ ፍሪጁና የውሃ ታንከሩ ሁሉ በቀኝ በኩል ነው የተገጠሙት፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። አማካዩ ለዚያ ለቀኙ ጎማ ምን ይጠቅመዋል?

የሚገርመው መፍትሔው እዚያው ልክ ውስጥ ነበር። ያው 205/75 አር 15 በ«ዲ» ደረጃ በ65 ፒ.ኤስ.አይ. 975 ኪሎ ይሸከማል። ካራቫን ላይ የሚታሰረው ግን ብዙ ጊዜ ለጭነቱ ለጥቂት የሚበቃው ነው፣ ምክንያቱም ይረክሳል። ወደ ከፍተኛው ደረጃ ስትቀይሩ ቸርኬው ያንን ንፋስ እንደሚችል አረጋግጡ፤ ቫልቩንም አትርሱ። ተራው የላስቲክ ቫልቭ 65 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ነው ወሰኑ፤ 80 ለሚሞላው ለ«ኢ» ደረጃ የብረት ቫልቭ ያስፈልጋል።

«ንፋሱን ሞልተንልሃል» የተባልኩትስ? ጎሚስታው የተረፉትን ሁለት ጎማዎች ሲለኩ አንዱ 38፣ ሌላው 41 ፒ.ኤስ.አይ. ነበር። ያውም ከመንገድ ገና እንደወጡ፣ ትኩስ ሆነው። ትኩስ ጎማ ከቀዝቃዛው ከፍ ያለ ስለሚያሳይ ጠዋት ላይ ከዚያም በታች ነበሩ ማለት ነው። ንፋስ ሲያንስ ጎኑ በየዙሩ አብዝቶ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ላስቲኩን ከሽቦው ያላቅቀዋል። የሻጩን ቃል ትቼ በገዛ መለኪያዬ፣ ጠዋት ጉዞ ሳልጀምር መለካት ነበረብኝ። አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ጎኑ ላይ ለተጻፈው ጭነት የተመደበውን ንፋስ ሙሉ አድርጌ። ሲሞቅ ጨመረ ብላችሁ ደግሞ አታስተንፍሱት።

ፍጥነቱ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልደብቅም። ኤስ.ቲ. የሚል ምልክት ያለው የተሳቢ ጎማ የፍጥነት ፊደል ከሌለው ወሰኑ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፊደል ካለው «ኤል» 120፣ «ኤም» 130 ነው። የእኔዎቹ ምንም ፊደል አልነበራቸውም፣ እኔ ደግሞ መኪናዬ ስለቻለች ብቻ 110 እነዳ ነበር።

ብዙ ሰው ደግሞ ገበያ ላይ ያለ ጎማ ሁሉ እኩል ተፈትኖ የወጣ ይመስለዋል። በፈረንጆች 2000 በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን የፋየርስቶን ጎማዎች ጥርሳቸው እየተላጠ አደጋ በማድረሳቸው በአምራቹ እንዲመለሱ ተጠርተው ነበር። ከዚያ በኋላ ለትንንሽ መኪና ጎማዎች ጠበቅ ያለ ፈተና ተደነገገ፣ የንፋስ መቆጣጠሪያ መሣሪያም በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆነ። የኤስ.ቲ. ጎማዎች ግን ከአዲሱ ፈተና ውጪ ናቸው፤ መቆጣጠሪያውም እዚያ በተሳቢ ላይ ግዴታ አልሆነም። ስለዚህ መኪናችሁ «ንፋስ ጎድሏል» ብላ ብትነግራችሁ፣ ካራቫናችሁ ዝም ብሎ ነው የሚፈነዳው። በቫልቩ ላይ የሚጠመድ መቆጣጠሪያ ለብቻ መግዛት ይቻላል። እኔ አሁን ስኮርቱን ጨምሬ አምስቱም ላይ አለኝ።

አዲስ ጎማ ልገዛ ስሄድ ሁለተኛ ሙከራ ገጠመኝ። አንዱ ሱቅ ልኩ አንድ ዓይነት የሆነ የቤት መኪና ጎማ «ያው ነው፣ ይህ እንዲያውም ይለሰልሳል» ብሎ ሊሸጥልኝ ሞከረ። ያው አይደለም። የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲታሰር ጎኑ ላይ የተጻፈው ጭነት ለ1.1 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው፤ ጎኑም ለስላሳ ስለሆነ ረጅምና ከባድ ካራቫን ሲዞር ይተጣጠፋል። ሌላው ሱቅ ትክክለኛውን ደረጃ አመጣልኝ፣ ግን ኮዱን ሳነብ መደርደሪያ ላይ አራት ዓመት የተቀመጠ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ «አንድ ቀን አልተነዳም እኮ» አለ። የእኔ የመጀመሪያዎቹም እንደዚያው ነበሩ፤ መልሼ ወጣሁ። በመጨረሻ ከተሠራ አምስት ወር የሆነውን አገኘሁ። ከታሰረ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ ዳዶዎቹን እንደገና አስጠበቅኩ፤ ይህን ብዙ ጎሚስታ አይነግራችሁም።

የካራቫኑ ሻጭ ጋ ተመልሼ ሄጃለሁ። መልሱ አጭር ነበር፦ ዋስትናው ጎማን አይጨምርም፣ «አዲስ» ያለውም ጥርሱን ነው። ደረሰኙ ላይ ስለ ጎማ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ጎማው አዲስ ነው ከተባላችሁ፣ አራቱ አሃዞች ከየጎማው ተነብበው፣ ስኮርቱ ሳይቀር፣ ደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ክፈሉ። ሙሉውን ኮድ ፎቶ አንሱ፤ ጎማው በጉድለት የተጠራ መሆን አለመሆኑ የሚጣራው በዚሁ ኮድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሻጩ ቢሮ ተደውሎልኝ «የፈነዱትን ጎማዎች አምጣቸውና እንመርምራቸው» ተባልኩ። ኮዱ ያለበትን ጎን፣ የተላጠውን ጥርስ፣ የተሰበረውን ቱቦና የሚዛኑን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንስቻለሁ። መመርመር ከፈለጉ እዚሁ ግቢዬ መጥተው ያዩታል። ጎማዎቹን ግን አሳልፌ አልሰጥም።