ጎግል ዶክስ ለድርሰት ትምህርት፦ ከድሬዳዋ የቀረበ ግምገማ
በድሬዳዋ ኮሌጅ ድርሰት ለሚያስተምር መምህር፣ በኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ መጻፊያ የሆነው ጎግል ዶክስ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ሁሉ ትልቁ፣ በእኔ እምነት፣ የለውጥ ታሪክ መዝገቡ ነው፤ ተማሪው የትኛውን አንቀጽ እንደሰረዘ፣ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ እንዳቃና በቀንና በሰዓት ስለሚያሳይ፣ መምህሩ ጽሑፉ የተሠራበትን መንገድ ጭምር ተከትሎ ማረም ይችላል። በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ወረቀት ይህን አያሳይም። የአስተያየት መስጫውም ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም መምህሩ ስህተቱን ራሱ አስተካክሎ ካቀረበለት፣ ተማሪው እርማቱን በአንድ ንክኪ ተቀብሎ ያልፋልና፣ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ መጻፍን አጥብቄ እመክራለሁ። አገልግሎቱ ለግለሰቦች በነጻ ይሰጣል፣ በስልክም ይሠራል። ኢንተርኔት በሌለበት ለመጻፍ ግን አስቀድሞ ማዘጋጀት ስለሚያስፈልግ፣ ከሳቢያንም ሆነ ከገንደ ቆሬ ሰፈር የሚመላለሱ ተማሪዎች ከኮሌጁ ከመውጣታቸው በፊት ፋይሉን በየስልካቸው ላይ ሊያስቀምጡት ይገባል።