ከመኪና ግጭት በኋላ የሚቀርበው «ነጻ» የአንጎል ምርመራ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ መሪ ይዛችሁ የምትውሉ የታክሲ፣ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች፣ ቀላል የሚባል ግጭት ደርሶባችሁ ራሳችሁን ሲያማችሁ የሚቀርብላችሁን አንድ ውል በጥንቃቄ እንድትመለከቱ ይህን ጽፌያለሁ። ውሉ የሚቀርበው «ልዩ የአንጎል ምርመራ በነጻ» በሚል ስም ነው። ነጻ አይደለም፤ ልዩ የተባለው ምርመራም የራስ ምታቱን መንስኤ ለማወቅ የሚፈይደው እጅግ ጥቂት ነው።

ጉዳዩን የማውቀው የባለቤቴ ወንድም ከፈረመ በኋላ ወረቀቶቹን ሁሉ አምጥቶ እንዳነብለት ስለ ጠየቀኝ ነው። ባለፈው ዓመት ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው የመጣ መኪና ገጨው። ጭንቅላቱ ከመቀመጫው መደገፊያ ጋር ተላተመ እንጂ ራሱን አልሳተም፣ አላስመለሰውም፣ የሆነውንም ሁሉ ያስታውሳል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ ሲቲ ስካን እንደማያስፈልገው ነግሮ፣ የትኞቹ ምልክቶች ከታዩበት ቶሎ መመለስ እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ሰጥቶ ሸኘው። በማግስቱ ራስ ምታቱ ጀመረው፣ አንገቱም አልዞር አለው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ አልለቀው ሲል፣ የካሳ ጉዳዩን ከያዘለት ቢሮ አንዲት ሠራተኛ ደውላ አንጎሉን በዘመናዊ መሣሪያ የሚያይለት ማዕከል እንዳለና ከኪሱ አንዲት ሳንቲም እንደማያወጣ ነገረችው። ማዕከሉ ሲደርስ በታብሌት ላይ አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀረበለት፤ በጣቱ ፈረመና ገባ። የማዕከሉን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ውል የሚያቀርበው እርሱ ብቻ አይደለምና።

የተፈረመው ሰነድ በዚህ አገር «ሊን» የሚባለው ነው። ማዕከሉ ዛሬ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወደፊት ከሚገኘው ካሳ ላይ ግን ከታካሚው ቀድሞ የራሱን ይወስዳል። ሦስተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል እንደ ተጻፈው፣ ካሳው ባይገኝ ወይም ባይበቃ ታካሚው ቀሪውን ከራሱ ይከፍላል። ይህ ደግሞ በእኛ አካባቢ የሩቅ ስጋት አይደለም። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ሕግ፣ ለአደጋው መድረስ ጥቂት እንኳ ጥፋት አለበት የተባለ ተጎጂ ካሳውን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ጥፋቱ የገጪው መሆኑ የማያከራክር ቢሆንም የኢንሹራንሱ ሽፋን ወሰን አለው፤ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ በሜሪላንድ 30,000 ዶላር፣ በዲሲ 25,000 ዶላር፣ በቨርጂኒያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 50,000 ዶላር ነው። ብዙ ሰው የሚነዳው በዚሁ ዝቅተኛ ሽፋን ስለሆነ፣ ማዕከሉ፣ ጠበቃውና ተጎጂው የሚካፈሉት ከዚያው ውስን ገንዘብ ላይ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ጉዳይ በ18,000 ዶላር ስምምነት ተቋጨ። የጠበቃው ሲሶ 6,000 ዶላር ተቀነሰ። ማዕከሉ 7,200 ዶላር ጠየቀ፦ ለተራው ኤም አር አይ 2,600፣ ዲቲአይ ለተባለው ተጨማሪ ምስልና ለኮምፒውተር ትንተናው 3,400፣ በደም ሥር ለተሰጠው ማቅለሚያ መድኃኒት 1,200። ለድንገተኛ ክፍሉ፣ ለአንገቱ ፊዚዮቴራፒና ለፋይሉ ልዩ ልዩ ወጪ 3,150 ዶላር ሄደ። ለአምስት ሳምንት ከሥራ ለቀረ የሦስት ልጆች አባት እጅ የገባው 1,650 ዶላር ነው። በዚሁ አካባቢ ተራውን የአንጎል ኤም አር አይ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው ከ1,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ የሚያነሱ ማዕከላት መኖራቸውን ልብ በሉ።

ከዋጋው ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ለገንዘቡ የተሰጠው ነገር ነው። በሪፖርቱ ውስጥ ሙሉ ገጽ የሚሸፍን፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ክሮች የደመቀ የአንጎል ምስል አለ። ቀዩን በጣቱ እያሳየኝ «የተጎዳው ይኸው ነው» አለኝ። እንዲያ ብሎ የነገረው ሰው የለም፤ እንዲያ አይደለም ያለውም የለም። ዲቲአይ የውሃ ቅንጣቶች በአንጎል ውስጥ ባሉት የነርቭ ክሮች አቅጣጫ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚለካ የኤም አር አይ ዘዴ ሲሆን፣ ቀለሞቹ በተለመደው አሠራር የክሮቹን አቅጣጫ ብቻ ያመለክታሉ፦ ቀዩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴው ከፊት ወደ ኋላ፣ ሰማያዊው ከላይ ወደ ታች። ምንም አደጋ ደርሶበት የማያውቅ ሰው አንጎልም በዚህ መንገድ ቢነሳ ቀዩ ይታይበታል።

ዘዴው በራሱ ማጭበርበሪያ ነው ማለቴ አይደለም። ተመራማሪዎች ብዙ ተጎጂዎችን በአንድ ወገን፣ ብዙ ጤነኞችን በሌላ ወገን አድርገው ሲያነጻጽሩ በአማካይ ልዩነት ያገኙባቸው ጥናቶች አሉ። ችግሩ ያንን የብዙዎች አማካይ በአንድ ሰው ላይ አምጥቶ «የአንተ ራስ ምታት ከዚህ ነው» ለማለት ሲሞከር ይመጣል። የሚለካው ቁጥር በዕድሜ ይለወጣል፤ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይለያያል፤ በማይግሬን፣ በደም ግፊትና በሌሎችም ሕመሞች ሳቢያ ሊዛባ ይችላል። በ2015 በአሜሪካ የነርቭ ራዲዮሎጂ ማኅበር መጽሔት የታተመ የባለሙያዎች የጋራ ምክር፣ ዲቲአይንና መሰል የረቀቁ ምስሎችን በእያንዳንዱ ታካሚ ላይ በመደበኛነት ለመጠቀም የሚያበቃ በቂ ማስረጃ እንደሌለ በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ ሪፖርቱ «ከጉዳት ጋር ሊጣጣም ይችላል» ሲል፣ ከብዙ ሌላ ነገርም ጋር ሊጣጣም እንደሚችል አብሮ መነገር ነበረበት። ለካሳ ክርክር ይጠቅማል ለሚባለውም ቢሆን፣ እንዲህ ያለውን ምስል በማስረጃነት የተቀበሉ ዳኞች እንዳሉ ሁሉ ያልተቀበሉም አሉ፤ የኢንሹራንሱም ወገን የሚያፈርስ ባለሙያ ያቆማል። ስፔክት የተባለውን የደም ፍሰት ምስልና «የአንጎል ካርታ» እየተባለ የሚሸጠውን የኮምፒውተር ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ለራስ ምታት ሲያቀርቡላችሁም ይህንኑ ጥርጣሬ ይዛችሁ ጠይቁ።

ተራው ኤም አር አይ ከሲቲ ስካን የበለጠ ያያል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀላል የጭንቅላት ጉዳት ደርሶባቸው ሲቲ ስካናቸው ንጹሕ ከሆነ ታካሚዎች መካከል ከአራት እጅ አንድ እጅ በላይ በሚሆኑት ላይ ኤም አር አይ አንድ ነገር እንዳሳየ ዘግቧል። ሐኪም ይህን አመዛዝኖ ምርመራውን ቢያዝ ተገቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የሐኪም ትእዛዝና ከካሳ ቢሮ የሚመጣ ጥሪ አንድ አይደሉም፤ የባለቤቴን ወንድም ወደ ማዕከሉ ከመሄዱ በፊት የትኛውም የነርቭ ሐኪም አላየውም።

ራስ ምታቱ በምስል ላይ አለመታየቱ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው «ምንም የለህም» ሲባል እንደ ውሸታም የተቆጠረ እየመሰለው ነው ወደነዚህ ማዕከላት የሚገፋው። አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማው አካል አይደለም። ሕመሙ የሚነሳው ከአንጎል ሽፋኖች፣ ከደም ሥሮች፣ ከአንገት ጡንቻና መገጣጠሚያ፣ እንዲሁም የፊትን ስሜት ከሚያደርሰው ነርቭና ከአንጎል ጋር ካለው ግንኙነት መታወክ ነው። መታወኩ የአሠራር እንጂ የመሰበር ስላልሆነ ካሜራ አያገኘውም። ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ምደባ ከጉዳቱ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ የጀመረን ሕመም ከጉዳቱ ጋር የሚያያይዘው በምስል ሳይሆን በታሪኩ ሲሆን፣ ከ3 ወር ካለፈ የዘለቀ ይለዋል። ሕክምናውም የሚመረጠው በሕመሙ ጠባይ ነው፦ ማይግሬን የሚመስለው እንደ ማይግሬን፣ ከአንገት የሚነሳው በአንገት ሕክምና ይታከማል። እዚህ ላይ ሾፌሮችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ኤክሴድሪንን የመሰለ ቅልቅል ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ አይቡፕሮፌንን ወይም ታይለኖልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ በራሱ ራስ ምታቱን ያራዝመዋል። የባለቤቴ ወንድም በየማለዳው ሁለት ኤክሴድሪን በቡና ይወስድ ነበር፤ በ7,200 ዶላሩ ሪፖርት ውስጥ ግን የሚወስደውን መድኃኒት የጠየቀ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ስል ምስል አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አደጋ የደረሰበት ሰው ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ወገኑ ከደከመው ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደው፣ ራስ ምታቱም እየባሰ ከሄደ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት፤ እዚያ የሚታዘዘውን ሲቲ ስካን በጨረሩ ፈርታችሁ አትከልክሉ። አንድ የጭንቅላት ሲቲ ስካን የሚሰጠው ጨረር ወደ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲሆን፣ ይህም ሰው ከተፈጥሮ በአንድ ዓመት ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ዕድሜያቸው 65 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ እንዲሁም ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳታቸው ትንሽ ቢመስልም በተለየ ጥንቃቄ ይታያሉ። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደግሞ ይህን አስቡላቸው፦ በአረጋውያን ላይ ደም በአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ በራስ ምታት፣ በመርሳት ወይም በአረማመድ መለወጥ ሊገለጥ ይችላል፤ ይህንንም ተራው ሲቲ ስካን ያገኘዋል።

ማቅለሚያ ተብሎ 1,200 ዶላር የተጠየቀበት ጋዶሊኒየም ነው። ሐኪሙ እጢ ወይም ኢንፌክሽን ካልጠረጠረ በስተቀር ቀላል የጭንቅላት ጉዳትን ለማየት በአብዛኛው አያስፈልግም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ይህ መድኃኒት አንጎልን ጨምሮ በሰውነት ውስጥ ለወራትና ለዓመታት ሊቀር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዝዟል። ኩላሊታቸው ጤናማ በሆነ ሰዎች ላይ በዚህ ምክንያት ጉዳት መድረሱ አልተረጋገጠም፤ ያለ ምክንያት የሚወጋ ግን አይደለም።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው ዋጋ በአጋጣሚ የሚገኘው ነገር ነው። በ2007 የታተመ የሮተርዳም ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆኑ 2,000 ሰዎችን በኤም አር አይ ሲያይ በ1.8 በመቶው ላይ የደም ሥር እብጠት፣ በ7.2 በመቶው ላይ ደግሞ ያላወቁት የቆየ ስትሮክ ምልክት አግኝቷል። ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ደግሞ ዕድሜው በገፋና ደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ የተለመዱ ናቸው። የባለቤቴ ወንድም ሪፖርት ላይም አራት ነጠብጣቦች ተጠቅሰው ነበር፤ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ከግፊቱ ሊሆን እንደሚችል እስኪነገረው ድረስ ሁለት ወር እንቅልፍ አጥቷል።

እንግዲህ ጥሪው ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ማን እንደሆነና ውጤቱ በሕክምናችሁ ላይ ምን እንደሚለውጥ ይሁን። የጤና ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ሜዲኬይድም ቢሆን፣ በእርሱ መጠቀም እንደምትፈልጉ በጽሑፍ ንገሩ፤ ኢንሹራንሱ ኋላ ከካሳው እንዲመለስለት ቢጠይቅ እንኳ የሚጠይቀው በድርድር ዝቅ ባለው ዋጋ የከፈለውን ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም በኢንሹራንሱ ለማይጠቀም ሰው፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ማዕከሉ የዋጋ ግምቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ሂሳቡ ከግምቱ በ400 ዶላርና ከዚያ በላይ በልጦ ከመጣ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል። ውሉን በታብሌት ላይ አትፈርሙ፤ በወረቀት አትመው እንዲሰጧችሁ ጠይቃችሁ ቤት ወስዳችሁ አስነብቡ።

የፈረማችሁም ብትሆኑ ነገሩ አልተዘጋም። የሊን ክፍያ በድርድር ስለሚቀነስ፣ የስምምነቱን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁ ለማዕከሉ የቅነሳ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲልክና መልሱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። የምስሉን ሙሉ ቅጂና የሂሳቡን ዝርዝር የማግኘት መብት ስላላችሁ ሁለቱንም ውሰዱ፤ የተራው ኤም አር አይ ምስል ለሚያክማችሁ የነርቭ ሐኪም ይጠቅማልና ሁለተኛ እንዳያስነሷችሁ ያድናችኋል። በሜሪላንድ የምትኖሩ በክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሥር ባለው የጤና ትምህርትና ድጋፍ ክፍል የሕክምና ሂሳብ አቤቱታችሁን ያለ ክፍያ ማቅረብ ትችላላችሁ። ስታመለክቱ የውሉን አራቱንም ገጽ፣ የሂሳቡን ዝርዝርና የድንገተኛ ክፍሉን የመጀመሪያ ወረቀት አያይዙ፤ ሐኪሙ በዚያን ቀን ምስል አያስፈልግም ብሎ የጻፈው በዚያ ላይ ነው።