ስፒከሩ ሳይቀየር ቤዙ ተቀየረ

ጓደኛዬ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ ሳደርሰው የካሴት ዘመን ዘፈን ከፈትኩለት። አዲስ ያስገባሁትን ሳብዉፈር፣ ማለትም የቤዝ ስፒከር፣ ላሰማው ፈልጌ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቴፑን ቀነሰው።

«ቤዙ እኮ እየሄደ ነው» አለኝ። «ይወጣል፣ ይወርዳል። ያንተ ግን አንዷን ኖታ ብቻ ይዞ ይጮኻል። ሌሎቹ የሉም።»

ደሜ ፈላ። ስንት ወር አጠራቅሜ የገዛሁት ዕቃ ነው። ቤት ገብቼ ግን ያንኑ ዘፈን ደግሜ ከፈትኩት፤ ልክ ነበር።

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ኮሮላ ናት። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ያለችንን ይዘን መንከባከብ ነው የያዝነው፤ እኔም ለእሷ ማውጣት አይቆጨኝም። ባለ 12 ኢንቹን ስፒከር የገዛሁት ከአንድ የመኪና ዴኮር ቤት ነው። ሻጩ ዝግጁ ሳጥንም አብሮ ሸጠልኝ። ጥቁር ሞኬት የለበሰ፣ ከፊቱ ክብ የአየር መውጫ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር ሳጥን ነው። «ለየትኛውም 12 ኢንች ይሆናል» አለኝ። አመንኩት።

ጓደኛዬ ያንን በተናገረ ማግስት ሳጥኑን ፈታሁት። ውስጡ 12 ሚሊሜትር ቺፑድ ነው። ጎኑን በጣት ሲቆረቁሩት ባዶ ጀሪካን ይመስላል። ማዕዘኖቹ ላይ ኮላ የነካቸው እዚህም እዚያም ነው። በሜትር ለካሁት። የስፒከሩና የቱቦው ቦታ ሲቀነስ ውስጡ 50 ሊትር ገደማ ይይዛል። የአየር መውጫው ቱቦ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብቻቸውን ሁሉንም ነገር ነገሩኝ። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ ጠርሙሱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ያ ድምፅ በጠርሙሱ ሆድና በአንገቱ ይወሰናል። ቱቦ ያለው ሳጥንም እንደዚያው ነው። የእኔን ሳሰላው 52 ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 52 ንዝረት፣ ላይ ወጣ። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር፣ ማለትም ኢ፣ ሳትያዝ ስትመታ 41 ሄርዝ ናት። ቀጥላ ያለችው ኤ 55 ናት። ሳጥኑ ኤ ላይ ያገሳል፣ ኢ ላይ ይጠፋል። ጓደኛዬ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጆሮው ብቻ፣ ያገኘው ይህንን ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ድምፁ ቱቦው ከተቃኘበት በታች ሲወርድ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ስፒከሩን አይይዘውም። ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ገጽ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ድምፅ ከፍ ሳደርግ ከኋላ የምሰማው «ጣ፣ ጣ» የሚል ነገር ከዚህ የመጣ ነበር። ትንሽ ብቆይ ስፒከሩ ራሱ ይቃጠል ወይም ይቀደድ ነበር።

ስፒከሩን ለመቀየር አስቤ ነበር። ደግነቱ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አልጣልኩትም። ሳብዉፈር ስትገዙ ይህን ወረቀት ካልሰጧችሁ አትግዙ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙም አይጠቅምም። ለምሳሌ የፓዮኒር ቲኤስ ኤ300ዲ4 ካርቶን ላይ የምታዩት 1500 ዋት ነው፤ ያለማቋረጥ የሚችለው ግን 500 ነው። ስለዚህ ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን አምፕ ስትመርጡ ትንሹን ቁጥር ያዙ። ውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው ስፒከር ከሆነ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ጥቅሎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም፣ ተከታትለው ሲታሰሩ 8 ኦም ይሆናሉ። አምፓችሁ 2 ኦም የማይችል ከሆነ ሊቃጠል ይችላል። ይህንን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ዋናዎቹ ቁጥሮች ግን ሌሎች ናቸው። በሁለት የስፒከር ሳጥን ስሌት መሐንዲሶች፣ በአውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እና በሪቻርድ ስሞል፣ ስም ነው የሚጠሩት። የእኔ ወረቀት ኤፍ ኤስ (ስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት) 28 ሄርዝ፣ ኪው ኢ ኤስ (ንዝረቱን በኤሌክትሪክ በኩል የሚገታበት ልክ) 0.5፣ ኪው ቲ ኤስ (የጠቅላላው ልክ) 0.45፣ ቪ ኤ ኤስ (እንደ ስፒከሩ ማንጠልጠያ የሚለጠጥ የአየር መጠን) 60 ሊትር ይላል። መጀመሪያ 28ን ለ0.5 አካፈልኩ፤ 56 መጣ። ውጤቱ ወደ 50 ሲጠጋ ወይም ከዚያ ሲያንስ ስፒከሩ ድፍን ሳጥን ይወዳል። ወደ 100 ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ባለ ቱቦ ይስማማዋል። የእኔው ስፒከር ከመጀመሪያውም ቱቦ የሚፈልግ አልነበረም።

ከዚያ መጠኑን አሰብኩ። ለድፍን ሳጥን ለስላሳና ሚዛናዊ የሚባለው የስፒከሩና የሳጥኑ የጋራ ኪው 0.707 ነው። እሱን ለ0.45 አካፍሉት፤ ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ 2.47 ይሆናል። አንድ ቀንሱ፤ 1.47 ይቀራል። 60 ሊትሩን ለ1.47 ስታካፍሉ 41 ሊትር ታገኛላችሁ። በቃ፣ ስሌቱ ይሄው ነው። ለስፒከሩ የኋላ አካልና ለመሀል ድጋፍ እንጨት 4 ሊትር ጨመርኩ። 45 ሊትር፣ ማለትም በውስጥ በኩል 50 በ36 በ25 ሴንቲ ሜትር።

ወረቀቴን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉት አናጢ ሄድኩ። እሳቸው የኩሽና ቁም ሳጥን ነው የሚሠሩት፤ የድምፅ ሳጥን ሠርተው አያውቁም። ወረቀቱን ከመነጽራቸው ራቅ አድርገው አዩት። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ ይሄ የውስጥ ነው የውጭ?» የሚል ነበር።

ይህንን የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሳጥኑ የሚሠራበት ኤም ዲ ኤፍ፣ ማለትም የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ነው። የሰጠኋቸውን ልክ በውጭ ቢቆርጡት 45 ሊትሩ ወደ 32 ይወርድ ነበር። «የውስጥ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ድምፁስ በየት ይወጣል? ቀዳዳ የለውም እንዴ?»

ረዳታቸው የብስክሌት መንፊያ ነበረው። አፉን በጣቴ ደፍኜ እጀታውን እንዲገፉት ሰጠኋቸው። ገፉት፤ መልሶ ገፋቸው። «ውስጥ ያለው አየር እንደዚህ ሞላ ይሆናል። ስፒከሩን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው እሱ ነው» አልኳቸው። ኤድጋር ቪልቸር የሚባል አሜሪካዊ በ1954 በዚሁ ሐሳብ ትንሽ ድፍን ሳጥን ሠርቶ ከትልልቆቹ ጋር የሚወዳደር ቤዝ አውጥቶበታል። ጋሼ ግን የቪልቸርን ታሪክ አልፈለጉም። «ገባኝ። ቅንጣት ስንጥቅ አይኑርበት ነው የምትለኝ» አሉ።

ሥራቸው እጅ ያስማል። የኤም ዲ ኤፍ ጠርዝ ብሎን ሲገባበት ስለሚሰነጠቅ እያንዳንዱን ቀዳዳ ቀድመው በቀጭን መብሻ በሱት። ኮላውን ዳር እስከ ዳር ቀቡ። በሞርሳ አጥብቀው አሳደሩት። ስፒከሩ የሚታሰርበትን ፊት ድርብ አደረጉት። የውስጥ ማዕዘኖቹን በሲሊኮን ዘጉ። አንዲት የፀጉር ያህል ክፍተት አይተው ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው ደፈኗት። የእጅ ዋጋቸው ዝግጁ ሳጥኑን ከገዛሁበት ከግማሽ በታች ነው።

ሞኬት ከመልበሱ በፊት ስፒከሩን አስገብተን ፈተንነው። ከስልኬ 30 ሄርዝ ድምፅ ለቀቅኩ። ጋሼ ጧፍ ለኩሰው በየመገጣጠሚያው ቀስ ብለው አዞሩት። እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽቦው የሚገባበት የፕላስቲክ ክዳን ጋ ሲደርስ ግን ነበልባሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚያ ጋ ያስተነፍሳል። ክዳኑን ፈትተን ከሥሩ ቀጭን ስፖንጅ አደረግን። ጧፉ እንደገና ዞረ፤ ዝንፍ አላለም። ሁለታችንም ሳንነጋገር ቀና አልን።

አሁን ድምፁን ልንገራችሁ። ድሮ የነበረው ደረት የሚመታ ጉልበት ቀንሷል። ጆሮዬ ባይለምደው ኖሮ «ደከመ» እል ነበር። ግን ቤዝ ጊታሩ ይሄዳል። እያንዳንዷ ኖታ ጀምራ ታልቃለች። መዝሙር ስከፍት ከበሮው በትልቁ አፉ ሲመታና በትንሹ ሲመታ ይለያል። ያኛው ሳጥን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጉምታ አድርጓቸው ነበር። እናቴ ከፊት ተቀምጣ «ምነው፣ ይሄ ነገር ተነቅሎ ወጣ?» አለችኝ። ራስ ምታቷ ቀርቷል። ድፍን ሳጥን ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን የመኪና ውስጥ ጠባብ ስለሆነ ዝቅተኛውን ድምፅ ራሱ ያነሳዋል። በስሌት ከ44 ሄርዝ በታች መውረድ የሚጀምረው ድምፅ መኪናዋ ውስጥ ኢዋን ክር ደህና አድርጎ ያሰማል።

ጓደኛዬ ተመልሶ ሲሰማው ምንም አላለም። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ከቤዙ ጋር መሄድ ጀመሩ። ለእኔ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ባለ ቱቦ ሳጥን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጩኸት የሚወድ ሰው፣ በተለይ ሂፕ ሆፕ የሚያዘወትር፣ ከዚያው ዋት ብዙ ድምፅ ያወጣበታል። ግን በስሌት ይሠራ። የእኔኑ ባለ 50 ሊትር ሳጥን 35 ሄርዝ ላይ ለመቃኘት ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ቱቦ 31 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልገው ነበር። የተሰጠኝ 10 ነው። ለሁሉም የሚሆን ሳጥን የሚባል የለም።

ስለ ሽቦው አጭር ልበል። ከባትሪው የሚመጣው ገመድ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ አምፑ ጋ ብቻ ማድረግ መኪናውን ከእሳት አያድነውም። የመሬት ገመዱን ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ እሰሩት። አምፑ ላይ ከፍ ያለውን ድምፅ ከሳብዉፈሩ የሚያስቀረውን ማጣሪያ 80 ሄርዝ አድርጌዋለሁ። ታርጋው ሲንቀጠቀጥ ከኋላው ጎማ አስገባሁ፤ ጸጥ አለ።

የማልወደው ነገርም አለ። እንጨቱ ብቻውን 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስፒከሩ ሲጨመር ለብቻ ማንሳት ያስቸግራል። ባለፈው ሣምንት ጎማ ተነፈሰብኝ። ቅያሪ ጎማው ከሥሩ ነው። ዝናብ ላይ ሳጥኑን አውርጄ፣ ጎማ ቀይሬ፣ መልሼ ጫንኩት፤ ሞኬቱ ረጠበ። አሁን ከወንበሩ ጀርባ ጋር በሁለት ቀበቶ አስሬዋለሁ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት እንዳይመጣ ነው፤ ዘለበቱም ቶሎ ይፈታል። ቅያሪ ጎማዋን ወደ ጎን የማዞርበት ቦታ ካገኘሁ ጋሼ ብረት እንዲያበጁልኝ እጠይቃቸዋለሁ።