ለአዲስ የንግድ ድረ ገጽ የትኛው ፕለጊን ይሻላል? ለወሎ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ፣ ላሊበላ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ከፍቶ በዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ፕለጊን (ለድረ ገጹ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም) ሲመርጥ አስቀድሞ ማየት ያለበት ነጻው እትም የት ላይ እንደሚያቆም ነው። የሚከፈልበት እትም ዋጋ በአብዛኛው በዶላር ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ብር ኖሮት በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ የማወዳድረው ነጻዎቹን ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የመልእክት መቀበያ ፎርም ነው፤ ደንበኛ የሚገባው በዚያ በር ነውና። «ኮንታክት ፎርም 7» ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ነገር ግን መልእክቱን በኢሜይል ይልካል እንጂ ራሱ አያስቀምጥም። ለገና ላሊበላ ክፍል ለመያዝ የጻፈ እንግዳ መልእክቱ ሳይደርስ ቢቀር ባለቤቱ መጻፉን እንኳ አያውቅም። «ፍላሚንጎ» የሚባለው ነጻ ፕለጊን ሲጨመርበት ይህ ቀዳዳ ይደፈናል። «ደብሊውፒ ፎርምስ» ለጀማሪ በጣም ቀላል ነው፤ የገቡትን መልእክቶች ዳሽቦርድ (የድረ ገጹ ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ ለማየት ግን ያስከፍላል። «ፍሉዌንት ፎርምስ» በነጻው እትም ቀላልም ነው፣ መልእክትም ያስቀምጣል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ለመጠባበቂያ ቅጂ «አፕድራፍትፕላስ»ን ያለማመንታት እመክራለሁ። በነጻው እትም በየስንት ቀኑ እንደሚሠራ ቢያዙት ቅጂውን ከሰርቨሩ (ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) በቀጥታ ወደ ጉግል ድራይቭ ይልከዋል፤ የእርስዎ ኢንተርኔት ደካማ ቢሆንም ቢቋረጥም ሥራው አይስተጓጎልም። «ኦል ኢን ዋን ደብሊውፒ ማይግሬሽን» ድረ ገጽን ከአንድ ሆስቲንግ (ድረ ገጽን የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ወደ ሌላ ለማዛወር ጥሩ ነው፤ ወደ ጉግል ድራይቭ ለመላክ ግን ተጨማሪ መግዛት ይጠይቃል። በነጻ ከተጠቀሙ ትልቁን ፋይል ራስዎ ማውረድ ይኖርብዎታል።

በደኅንነት በኩል «ዎርድፌንስ» በነጻ ፋየርዎል (ጥቃትን የሚያግድ መከላከያ) ይሰጣል፤ አዳዲስ የመከላከያ ደንቦች ግን ከከፋዮቹ 30 ቀን ዘግይተው ይደርሳሉ። የ«ሱኩሪ» ነጻ ፕለጊን ፋየርዎል የለውም። ፍጥነትን በተመለከተ የሆስቲንግ ድርጅቱን ይጠይቁ፦ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ላይትስፒድ የሚባለው ከሆነ «ላይትስፒድ ካሽ»፣ ካልሆነ «ደብሊውፒ ሱፐር ካሽ»።

ጉግል ላይ ለመገኘት «ዮስት» በነጻ ለአንድ ገጽ አንድ ቁልፍ ሐረግ (ደንበኛ ጉግል ላይ ይፈልግበታል ብለው የመረጡትን) ብቻ ይፈትሻል፤ «ራንክ ማዝ» እስከ 5 ይፈቅዳል፣ የድሮ አድራሻን ወደ አዲሱ መምራትንም ይጨምራል። ሁለቱም ግን የአማርኛን የቃላት እርባታ አይተነትኑም። ቁልፍ ሐረግዎ «ደሴ ሆቴል» ሆኖ «በደሴ ያሉ ሆቴሎች» ብለው ቢጽፉ እንዳልጻፉት ሊቆጠር ይችላል። ፕለጊኑ የሚያሳየውን ቀይ ምልክት አረንጓዴ ለማድረግ ብለው ጥሩ አማርኛ አያበላሹ፤ የሚያነበው ደንበኛ ነው። የገጹን አድራሻ ግን በላቲን ፊደል ያድርጉት፤ አንድ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ወደ ኮድ ሲቀየር 9 ምልክት ይሆናል፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም ረጅምና የማይነበብ ነው።

የላስታ ማር ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ በድረ ገጹ ለመሸጥ «ዉኮሜርስ» በቂ ነው፤ ብርንም ያውቃል። የውጭው የክፍያ አገልግሎት ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አይሠራም፤ የአገር ውስጡ ቻፓ ግን ለዉኮሜርስ የሚሆን ፕለጊን አለው። ሽያጩ ገና ትንሽ ከሆነ በውስጡ ባሉት የባንክ ዝውውርና ሲረከቡ መክፈል በሚሉት አማራጮች ይጀምሩ፤ ለእነዚህ ተጨማሪ ፕለጊን አያስፈልግም።