የጣሪያ ኤሌክትሪክ ሽያጭ በብሪታንያ፦ በግምት ወይስ በልኬት?

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2019 ምዝገባው ክፍት በነበረው የክፍያ ሥርዓት የታቀፈ የቤት ባለቤት፣ ጣሪያው ላይ ለሚያመነጨው የፀሐይ ኃይል ከሚያገኘው ክፍያ ሌላ፣ ተጠቅሞ የተረፈውን ኃይል ለመሸጥ ሁለት አማራጭ አለው። በነባሩ አሠራር፣ ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ የላከው ካመነጨው ግማሹ እንደሆነ ይገመትለታል፤ 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ካመነጨ፣ አብዛኛውን ራሱ ቢጠቀምበትም እንኳ፣ የ1,500ው ይከፈለዋል። በ2020 በተጀመረው ሥርዓት ግን የሚከፈለው ስማርት ቆጣሪው የመዘገበው ብቻ ሲሆን፣ ዋጋውን የሚወስነው ኃይሉን የሚገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው፤ ከዜሮ በላይ ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ተመን አልተደነገገለትም። እኔ እንደማምነው፣ እኩለ ቀን ላይ ማቀዝቀዣው ብቻ እየሠራ ቀሪው ኃይል ሁሉ ወደ መስመሩ ለሚወጣበት፣ ቀን ሥራ ለሚውል ሰው ልኬቱ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው፤ ቢቀይርም የማመንጫው ክፍያ አይቋረጥበትም። ቤት የሚውል ጡረተኛ ግን፣ የነባሩ ተመን ከዋጋ ንረት ጋር ስለሚስተካከል፣ ባይነካው ይሻለዋል።